ሲሮጡ የታጠቁት
(ያለ ዕድሜው ሙያተኛ ስለሚሆን ወጣት ሯጭ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ሩጫ ለመናገር ነው። በአገራችን ስለ ሩጫ ሲነገር የሚጠበቀው አንድም ያሸነፈውን ማወደስ፣ አንድም የተሸነፈውን መውቀስ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ትተን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም አንድ ወጣት ገና ሰውነቱ ሳይጠና፣ ትምህርቱንም ሳይጨርስ፣ ሩጫን መተዳደሪያው ለማድረግ ውል የፈረመ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? የሚል ነው። ነገሩ የስፖርት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። ነገር ግን የጥያቄው ሥር «ትምህርት ወይስ እንጀራ?» የሚለው ስለ ሆነ፣ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል የማይነካው ሰው ያለ አይመስለንም።

የምንናገረው ስለ መካከለኛ ርቀት፣ ማለት ከ800 ሜትር እስከ አንድ ማይል ስላለው ሩጫ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአሜሪካንን ሁኔታ እንመልከት። አለን ዌብ የሚባል የቨርጂኒያ ልጅ በ2001 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ በኦሪጎን ክፍለ ግዛት ዩጂን በምትባል ከተማ ከዓለም ታላላቅ ሯጮች ጋራ ተሰልፎ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ53.43 ሴኮንድ ጨረሰ። የውድድሩ አሸናፊ የዓለሙን ክብረ ወሰን የያዘው የሞሮኮው ሂሻም ኤል ገሩዥ ነበረ፤ ዌብም አምስተኛ ወጣ። ጂም ራየን በ1965 ያስመዘገበው የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክብረ ወሰን 36 ዓመት ከቆየ በኋላ በዚያን ዕለት ተሰበረ። ልጁ የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበረ።

በአሜሪካ የአንድ ሯጭ መንገድ እንደ መሰላል ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይወጣል፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ወጪ ይችልለታል፤ እርሱም በዩኒቨርሲቲው ስም ይሮጣል፤ ሙያተኛነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዌብ ጊዜ በነበረው ደንብ ደግሞ ስለ ሩጫው ገንዘብ የተቀበለ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲው የመሮጥ መብቱን ያጣ ነበር። ደንቡ መላላት የጀመረው በ2021 ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ውል መፈረም ማለት አንድ ጊዜ ከወጡ የማይመለሱበትን በር ማለፍ ማለት ነበር። ዌብ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2002 ይህን በር አለፈ፤ ወደ ቀድሞው የሁለተኛ ደረጃ አሠልጣኙም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ውጣ ውረድ የበዛበት ነው። በ2004 በአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ 1500 ሜትሩን አሸንፎ አቴና ቢሄድም ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። በ2007 በሐምሌ ወር ቤልጅግ ውስጥ ብራስካት በምትባል ከተማ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ46.91 ሴኮንድ ሮጦ የአሜሪካንን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በኦሳካው የዓለም ሻምፒዮና ስምንተኛ ሆነ። የሚመጣው ዓመት ኦሊምፒክ ሲደርስ በማጣሪያው አምስተኛ ወጥቶ ቀረ። ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበረ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ሰዓት አልተመለሰም።

እንግዲህ ይህ ሰው ያለ ዕድሜው ስለ ፈረመ ወደቀ ብንል ሐሰት ይሆንብናል። በ2007 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 16 ዓመት ሙሉ ሳይሰበር ቆይቷል፤ ማን እንደ ሰበረው ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። እኛ የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ የሮጠው ሩጫ ሁሉ የተለካው በዚያ በአንድ ቀን ሩጫው ነው። ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ወጣት የሚሰጠው ትልቁ ነገር ተሸንፎ የሚማርበት ጊዜ ነው። በፈተና የወደቀ ተማሪ ደግሞ ይፈተናል እንጂ ገበያ ላይ ዋጋው ቀነሰ አይባልም። ውል የፈረመ ልጅ ግን ይህን ጊዜ በገንዘብ ለውጦታል።

ሁለተኛዋ ምሳሌያችን ሜሪ ኬን ናት። ይህች የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ልጅ በ2013 በ17 ዓመቷ 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ59.51 ሴኮንድ ሮጠች፤ ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ሴቶች ተማሪዎች 2 ደቂቃውን የሰበረች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ዓመት በሞስኮው የዓለም ሻምፒዮና ለ1500 ሜትር ፍጻሜ ደርሳ ከታላላቆቿ መካከል 10ኛ ወጣች። ዓመቱም ሳያልቅ ሙያተኛ መሆኗን አስታውቃ፣ ናይክ የተባለው የጫማ ኩባንያ ያቋቋመውን «የኦሪጎን ፕሮጀክት» የሚባለውን ቡድን ያዘች። አሠልጣኙ የኒው ዮርክን ማራቶን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አልቤርቶ ሳላዛር ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ በዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና 3000 ሜትሩን አሸነፈች። ያየ ሁሉ መንገዱ የቀና መስሎት ነበር።

ነገር ግን የ800ውም የ1500ውም ምርጥ ሰዓቷ በ17 ዓመቷ ያስመዘገበችው ሆኖ ቀረ። በ2015 ወደ ቤተ ሰቧ ተመለሰች፤ ቆይታም ቡድኑን ለቀቀች። ሰው ረስቷት ሳለ በ2019 በኅዳር ወር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በኩል የደረሰባትን ተናገረች። ክብደቷን ወደ 114 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 52 ኪሎ ግድም እንድታወርድ ትገደድ እንደ ነበረ፤ በጓደኞቿ ፊት ትመዘን እንደ ነበረ፤ የወር አበባዋ ሦስት ዓመት እንደ ተቋረጠ፤ አምስት አጥንቶቿ እንደ ተሰበሩ፤ ራሷንም እስከ መጉዳት እንደ ደረሰች ገለጸች። በቡድኑ ውስጥ ፈቃድ ያለው የምግብ ባለሙያም ሆነ የሥነ ልቡና ሐኪም አልነበረም አለች። አሠልጣኙ በደል አልፈጸምሁም ሲል ካደ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን የተከለከሉ መድኀኒቶችን በሚመለከተው ደንብ ጥፋተኛ ተብሎ ለአራት ዓመት ታግዶ ነበር፤ ቡድኑም በጥቅምት 2019 ተዘጋ። በ2021 ሜሪ ኬን በአሠልጣኙና በኩባንያው ላይ የ20 ሚሊዮን ዶላር ክስ አቀረበች፤ ጉዳዩም በ2023 በስምምነት አለቀ።

እዚህ ላይ በሰውነቷ ውስጥ የሆነው ነገር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ እዚህ ያሉት የሕክምና ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። አንድ ሰው የሚበላው ከሚሠራው ሲያንስ ሰውነት እንደ ብልህ የቤት እመቤት ቁጠባ ይጀምራል። ለዛሬ ሕይወት የማያስፈልገውን ሥራ ያቆማል። በሴቶች መጀመሪያ ከሚቆመው አንዱ የወር አበባ ነው። ከእርሱም ጋራ አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ሳይወድቁ ሳይጋጩ፣ በሩጫው ድግግሞሽ ብቻ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ሁኔታ ስም ሰጥቶ፣ ሴቶችን ብቻ ሳይሆን ወንዶችንም እንደሚጎዳ አስታውቋል።

ክፋቱ ደግሞ በዕድሜው ነው። አንድ ሰው አዋቂ ሲሆን ከሚኖረው የአጥንት ሀብት ሩብ ያህሉ የሚከማቸው ቁመቱ እጅግ በሚመዘዝባቸው ሁለት ዓመታት ገደማ ነው፤ የቀረውም አብዛኛው እስከ 20 ዓመት ግድም ይሞላል። በዚያ ዕድሜ ያልተጠራቀመ አጥንት ኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም። ሌላም ነገር አለ። ልብና ጡንቻ በልምምድ ቶሎ ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ዘግይተው ነው የሚከተሉት። ስለዚህ በአንድ ወጣት ውስጥ የሚያስሮጠው ኀይል ከሚሸከመው ምሰሶ ቀድሞ ይደርሳል። ጣራው ተሠርቶ ግድግዳው ገና እርጥብ እንደ ሆነ ቤት ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ክብደቱ የቀነሰ ሯጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የበለጠ ሊፈጥን መቻሉ ነው። ሰዓቱ «መልካም ነው» እያለ፣ አጥንቱ በስውር ይከፍላል።

እንግዲህ «ይብቃ፤ ይህች ልጅ ትረፍ» ማለት የነበረበት ማን ነው? የንግግራችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። አሠልጣኙ የሚከፈለው ከኩባንያው ነው። ወኪሉ የሚከፈለው ሯጩ ካገኘው ተቀንሶ ነው። ሐኪሙን የሚቀጥረው ቡድኑ ነው። ኩባንያው ጫማ መሸጥ አለበት። ሁሉም ክፉ ሰዎች ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ ናቸው ማለታችን ነው። ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ ሰዎች ደግሞ ማዕዱ ይነሣ ብለው አይፈርዱም። የ17 ዓመት ልጅም ብቻዋን ተነሥታ እንድትፈርድ መጠበቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ያለ ዕድሜ ሙያተኛ መሆን የሚጎዳው ገንዘቡ ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ በልጁ ዙሪያ ከውሉ ውጭ የቆመ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። «የኖርዌዩ ያኮብ ኢንገብሪግትሰንስ?» የሚል ጓደኛ አይታጣም። እውነት ነው፤ ይህ ልጅ በ2018 በ17 ዓመቱ በርሊን ላይ የአውሮፓን የ1500ና የ5000 ሜትር ሻምፒዮንነት በሁለት ቀን ውስጥ አገኘ። በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ 1500ውን፣ በ2024 በፓሪስ 5000ውን አሸነፈ። ያለ ዕድሜው ጀምሮ አልወደቀም። ከእርሱ በፊት የሮጡ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩት፤ ልምምዱም በመጠንና በልክ የተያዘ እንደ ነበረ ይነገራል። ይሁን እንጂ አሠልጣኙ አባቱ ነበረ፤ በ2023 ሦስቱ ወንድማማቾች አባታችን በልጅነታችን በዱላና በማስፈራራት አሳድጎናል ሲሉ በአደባባይ ከሰሱ። በ2025 ፍርድ ቤቱ በያኮብ ጉዳይ አባትየውን በነጻ ለቅቆ፣ በእኅቱ ላይ ስለ ፈጸመው አንድ ድርጊት ብቻ ጥፋተኛ ነው አለ። እኛ ከፍርድ ቤቱ በላይ ዳኛ አይደለንም። የምንለው ሰዓት የሚለካው እግርን ብቻ ነው፤ በቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሊነግረን አይችልም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አሰላ የተወለደው መሐመድ አማን በ2011 በ17 ዓመቱ ሚላኖ ላይ የ800 ሜትሩን የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ኬንያዊውን ዴቪድ ሩዲሻን ቀደመ። በ2013 በ19 ዓመቱ በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ በ1 ደቂቃ ከ42.37 ሴኮንድ ሮጠ። በ800 ሜትር ለኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ክብር ከእርሱ በፊት ያመጣ የለም። ግን ያ የ19 ዓመት ልጅ ሳለ የሮጠው ሰዓት የዕድሜ ልኩ ምርጥ ሰዓት ሆነ። ምክንያቱን በእርሱ ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። ብቻ ሰው በተለምዶ ጎልምሶ የሚፈጥንበት ዕድሜ ሲደርስ ብዙዎቹ ልጆቻችን ከመንደሩ መጥፋታቸውን እናያለን። የአሜሪካው ልጅ የሚዘለው መሰላል አለው፤ የኛው ልጅ የሚዘለው መሰላል እንኳ የለውም፤ ከመንደሩ ሜዳ በቀጥታ ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ማናጀር ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛም ንጹሓን አይደለንም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን በአንድ አግዳሚ ወንበር አብሮን የሚቀመጥ ልጅ ነበረ። 800 ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ጠዋት ከትምህርት በፊት ሮጦ፣ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ክፍል ይገባ ነበር። 11ኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። ወደ መምህር አልወሰደውም፤ ወደ እኛ አመጣው፤ በክፍሉ እንግሊዝኛ እናውቃለን የምንለው እኛ ነበርንና። እኛም ኮርተን፣ መዝገበ ቃላት ዘርግተን ተረጎምንለት። የገንዘቡን ልክ ስናነብ ድምፃችንን ከፍ አደረግን። «በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ያልተወዳደረ እንደ ሆነ ክፍያው በግማሽ ይቀነሳል፤ ሕመሙ ከስድስት ወር የበለጠ እንደ ሆነ ውሉ ይፈርሳል» የሚለውም ነበረበት፤ እርሱንም በትክክል ተረጎምን። ግን አላቆምንበትም፤ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍን። ያነበብንለት ቋንቋውን ነው እንጂ ነገሩን አልነበረም። እዚያው ጠረጴዛችን ላይ በእኛው እስክሪፕቶ ፈረመ።

በሁለተኛው ዓመት የቅልጥሙ አጥንት ተሰነጠቀ። ክፍያው እንዳይቀነስ ሲል እያመመው ሮጠ፤ ባሰበት፤ ስድስት ወሩ አለፈ፤ ውሉ በሕጉ መሠረት ፈረሰ። እኛ ያን ጊዜ ፈተናችንን አልፈን ወደዚህ ግቢ እየመጣን ነበር። አሁን በአባቱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ስናገኘው ሻይ ይጋብዘናል፤ አይወቅሰንም። ባይወቅሰንም ይህን ንግግር የጻፍነው እርሱን እያሰብን ነው።

እንግዲህ መልሳችን «አትፈርሙ» ነውን? አይደለም። ዌብና ኬን ባይፈርሙ የሚበሉት አላጡም ነበር። የኛው ልጅ ግን በሚያገኘው ገንዘብ ለወላጆቹ ቤት ይሠራል፤ ታናናሾቹን ያስተምራል። በመንግሥት ወጪ እየተማርን እርሱን «ትምህርትህን ጨርስ» ብሎ መስበክ ለኛ ቀላል ነው። አባቶቻችን ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። አትሩጥ አላሉም፤ ታጥቀህ ሩጥ ነው ያሉት። ልጁ መታጠቂያውን የሚያጠብቅበት ጊዜና የሚያግዘው ሰው እንዲኖረው ማድረግ የኛ ፈንታ ነው።

አሁን ያን የዌብን ክብረ ወሰን ማን እንደ ሰበረው እንናገር። በመስከረም 2023፣ ዌብ በልጅነቱ በሮጠባት በዚያችው በዩጂን ከተማ፣ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ43.97 ሴኮንድ ጨርሶ አዲስ የአሜሪካ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ስሙ ያሬድ ንጉሤ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ተምሮ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ባዮኬሚስትሪ አጠና፤ የጥርስ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው። በ2019 የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ገበያ አልወጣም። በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተመርጦ ቢሄድ ጭኑን ታሞ ሳይሮጥ ተመለሰ። ያን ጊዜ የሚመለስበት ዩኒቨርሲቲ ነበረው። ሙያተኛ የሆነው በ2022 ነው፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ።

ከዚህ አንድ ሰው ተነሥተን «የተማረ ሁሉ ይቀድማል» የሚል ሕግ አናወጣም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ከልክ በላይ በማስሮጥ ይወቀሳሉ። ነገር ግን በዚያ በክፉው ቀን፣ ጭኑ ታሞ በተመለሰበት ቀን፣ ከሩጫ ሌላ ስም ነበረው፤ ተማሪ ነበረ። የአግዳሚ ወንበር ጓደኛችን በእንዲያው ያለ ቀን የቀረው ስም አልነበረም።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የሕግ ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋራ ሆነው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ውል የቀረበለትን ማንኛውንም ወጣት ሯጭ ያለ ክፍያ ውሉን አንብበው ያስረዱት። የገንዘቡን ልክ ሁሉም ያነባል፤ እነርሱ ክፍያው የሚቀነስበትን መስመር ቀስ ብለው ያንብቡለት።

ሁለተኛ፤ የሕክምና መምህራኖቻችን በክለብም በማናጀርም የማይከፈላቸው ሆነው፣ የታመመውን ልጅ አይተው «ይረፍ» ብለው በወረቀት የሚፈርሙበት መንገድ ይፈለግ። ለሴቶቹ ሯጮች ሴት ሐኪም ትኑርላቸው።

ሦስተኛ፤ ዩኒቨርሲቲው ለውድድር የሄደን ተማሪ ስሙን ከመዝገብ አይፋቅ፤ ቦታውን ይጠብቅለት፤ ፈተናውንም ሲመለስ ይስጠው። የሚመለስበት ቤት ያለው ሰው በድፍረት ይሮጣል።

ለራሳችን ለተመልካቾቹ ደግሞ አንዲት ቃል አለችን። በ18 ዓመቱ ያጨበጨብንለትን ልጅ በ21 ዓመቱ «አለቀለት» አንበል። ያላለቀ ቤት አይፈርስም፤ ይሠራል እንጂ።